የዛፍን ቁመት በጥላ መለካት፦ ከልጆች ጋር በግቢ የሚሠራ

«ጠዋት የለካው ቡድን 14 ሜትር አለ፤ ከሰዓት የለካው 17 ሜትር። ዛፉ ያው አንድ ዛፍ ነው። የትኛውን እንመን?» ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንን ነው። ተከትሎ የሚመጣውም የታወቀ ነው፦ «ጥላ የሚያጥረው 6 ሰዓት ላይ ነው ብለን ልጆቹን አስወጣን፤ ከ6 ሰዓት በኋላም ማጠሩን ቀጠለ።» የመጀመሪያው ችግር ብዙ ጊዜ ከመሬቱ ተዳፋትና ከመዘግየት ይመጣል። ሁለተኛው የልጆቹ ስህተት አይደለም፤ ፀሐይ የእጅ ሰዓታችንን አትጠብቅም።

ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶችና ቁጥሮች ለደብረ ብርሃን የተሰሉ ናቸው። ለደብረ ሲና፣ ለአንኮበር፣ ለእነዋሪና ለመሀል ሜዳም በጥቂት ደቂቃና በአንድ ሁለት ቀን ልዩነት ይሠራሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ከ4 እስከ 5 ልጆች ላሉት አንድ ቡድን)

- ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት፣ 120 ሳ.ሜ። ሸንበቆ ወይም የተላጠ የባሕር ዛፍ እንጨት ይሆናል። 20 ሳ.ሜ መሬት ውስጥ ሲገባ 1 ሜትር ይቀራል።
- ሲባጎ፣ 20 ሜትር
- የ3 ወይም የ5 ሜትር ሜትር። ከሌለ ያለ ሜትር የሚሠራበትን መንገድ ደረጃ 8 ላይ ታገኛላችሁ።
- ቱንቢ፦ 50 ሳ.ሜ ክር ጫፍ ላይ የታሰረ ዳዶ ወይም ሞላላ ድንጋይ
- አራት ችካልና ወደ 20 የሚሆን ቆርኪ
- ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞላ ሀይላንድ፣ ክዳኑ ጠበቅ ያለ
- ሰዓት ወይም ስልክ፣ ደብተር፣ እርሳስ

መሬቱ ደርቆ ችካል አላስገባ ካለ እንጨቱን ባዶ የቀለም ጣሳ መሃል አቁማችሁ ዙሪያውን በጠጠር ሙሉት። በዚህ ጊዜ የእንጨቱን ቁመት ከጣሳው አፍ ሳይሆን ከመሬት ጀምራችሁ ለኩ። የጥላውንም ርዝመት ከጣሳው ጠርዝ ከለካችሁ የጣሳውን ወርድ ግማሽ ጨምሩበት።

ማስጠንቀቂያ

ፀሐይን በቀጥታ ማየት ክልክል ነው። በመነጽርም፣ በተጨሰ ጠርሙስም፣ በስልክ ካሜራም ቢሆን አይፈቀድም። የዓይን ውስጠኛው ሽፋን (ሬቲና) ሲቃጠል ስለማያም ልጁ ጉዳቱን ወዲያው አያውቀውም። ይህ ሥራ ፀሐይን ማየት አይጠይቅም፤ ልጆቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው መሬት ላይ ያለውን ጥላ ብቻ ይመልከቱ። ይህን ከክፍል ሳይወጡ ንገሯቸው።

እንጨቱ የልጅ ዓይን ከፍታ ላይ ስለሚቆም ጫፉን አታሹሉት፤ ደፍጠጥ ይበል። ደጋው ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ ባርኔጣ ወይም ነጠላ ይደረግ፤ በአንድ ጊዜም ከ40 ደቂቃ በላይ አታቆዩአቸው።

ሰዓቱን መምረጥ

በጣም ጥሩው ሰዓት የእንጨቱ ጥላ ከእንጨቱ ቁመት ጋር እኩል ወይም ትንሽ አጠር የሚልበት ነው። ከዚያ በጣም ከረዘመ የዛፉ ጥላ ጫፍ አጥር ተሻግሮ ይጠፋል፤ በጣም ካጠረም ዛፉ ሥር ይደበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ እንጨትና ጥላው የሚተካከሉት በታኅሣሥ አጋማሽ ጠዋት 4፡15 እና ከሰዓት 8፡25 ገደማ ነው። በመጋቢት አጋማሽ ደግሞ 3፡30 እና 9፡25 ገደማ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት የዛፉ ጥላ ርዝመት ራሱ የዛፉ ቁመት ስለሆነ ስሌት እንኳ አያስፈልግም። ለ5ኛ ክፍል ልጆች ከዚህ ጀምሩ።

ከወራቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ምረጡ፤ ሰማዩ ጥርት ይላል። ጣርማ በርና አንኮበር አፋፍ ላይ ያላችሁ ጉሙ እስኪገፍ መጠበቅ ይኖርባችኋል።

ክፍል አንድ፦ ቁመት መለካት

1. መጀመሪያ የሰንደቅ ዓላማውን ዘንግ ለኩ። ወደ ዛፍ አትቸኩሉ። ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው፤ ጥላውም ቀጭንና ግልጽ ነው። ከሁሉ በላይ መልሱን ማረጋገጥ ይቻላል። ሰንደቅ ዓላማው በማይሰቀልበት ሰዓት የሲባጎውን ጫፍ ከመስቀያው ገመድ ጋር አስራችሁ እስከ ላይ ሳቡት፤ መሬት የነካበት ላይ ምልክት አድርጉና አውርዳችሁ ለኩት። በጥላ ያገኛችሁት ከዚህ ጋር በ100 ከ5 ባልበለጠ ልዩነት ከተስማማ አሠራራችሁ ትክክል ነው። ካልተስማማ ስህተቱ የት እንዳለ ዛፉ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ታገኙታላችሁ።

2. ዛፉን ምረጡ። ባሕር ዛፍና ጽድ ይመቻሉ፤ ጫፋቸው ከግንዳቸው በላይ ትክክል ይቆማል። ግራርና ዋርካ አይሆኑም። ፀሐይ ከፍ ስትል የጥላቸውን የመጨረሻ ጠርዝ የሚሠራው የዛፉ አናት ሳይሆን ወደ ጎን የተንሰራፋው ቅርንጫፍ ነው። ልጆቹ የቅርንጫፉን ጫፍ ለክተው የአናቱን ቁመት ያገኙ ይመስላቸዋል። ያዘነበለ ዛፍም ተዉት።

3. መሬቱን ፈትሹ። የዛፉ ጥላ በሚያርፍበት መስመር ላይ ሀይላንዱን በጎኑ አስተኙት። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ከያዘ መሬቱ ሜዳ ነው። ወደ አንዱ ጫፍ ከተከማቸ ተዳፋት አለ።

የ14 እና የ17 ሜትሩ ጉዳይ መልሱ እዚህ ነው። መሬቱ ወደ ምሥራቅ በየሜትሩ 10 ሳ.ሜ ዝቅ ይላል እንበል። ጠዋት ጥላው ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ ዳገቱ ይወድቃል፤ ዳገቱ ጥላውን ቶሎ ስለሚቀበለው ያጥራል። ከሰዓት ወደ ቁልቁለቱ ይወድቃልና ይረዝማል። መለኪያው እንጨት ክፍሉ ፊት ለፊት ባለው ሲሚንቶ ላይ ከተተከለ 15 ሜትር ተኩል የሆነው ዛፍ ጠዋት 14፣ ከሰዓት 17 ሆኖ ይወጣል። ልጆቹ በትክክል ለክተዋል፤ የተሳሳተው እንጨቱ የቆመበት ቦታ ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ፍጹም ሜዳ የሆነ ግቢ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እንጨቱን ከዛፉ ጥላ አጠገብ፣ በዚያው ተዳፋት ላይ ትከሉት። ሁለቱም ጥላዎች በአንድ ዓይነት ተዳፋት፣ በአንድ አቅጣጫ ካረፉ ተዳፋቱ ሁለቱንም በእኩል መጠን ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል። እንጨትና ጥላው የሚሠሩት ሦስት ማዕዘን ዛፍና ጥላው ከሚሠሩት ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ስለሚቀር ስሌቱ አይዛባም። ይህ የሚሆነው ግን ተዳፋቱ ወጥ ሲሆን ነው። መሃል ላይ ቦይ ወይም እርከን ካለ ሌላ ዛፍ ፈልጉ።

4. እንጨቱን በቱንቢ አቁሙ። ቱንቢውን ከእንጨቱ ጎን አንጠልጥሉና ክሩና እንጨቱ ጎን ለጎን መሄዳቸውን እዩ። ከዚያ ሩብ ዙር ዞራችሁ ከሌላው ጎን ድገሙት። ከአንድ ጎን ብቻ ያየ ቡድን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዘነበለውን አያይም። የእንጨቱ ጫፍ ወደ ፀሐይ 9 ሳ.ሜ ካጋደለ ጥላውም 9 ሳ.ሜ ያህል ያጥራል፤ 15 ሜትር የነበረው ዛፍ በስሌት ከ16 ሜትር ያልፋል። ተዳፋት ላይ ያለ ልጅ ደግሞ እንጨቱን ለመሬቱ ቀጥ አድርጎ ማቆም ይቀናዋል። ዛፍ የሚበቅለው ግን ወደ ሰማይ ነው፤ እንጨቱም ቱንቢውን እንጂ መሬቱን አይከተል።

5. ከተከላችሁ በኋላ ቁመቱን ለኩ። ሳይተከል የተለካ ቁመት ዋጋ የለውም፤ ምን ያህል እንደገባ አታውቁም። በትክክል 100 ሳ.ሜ እንዲቀር አድርጋችሁ ብትተክሉት ለስሌት ይቀላል።

6. ሁለቱን ጥላዎች በአንድ ጊዜ ምልክት አድርጉ። አንድ ልጅ ዛፉ ጥላ ጫፍ ላይ፣ ሌላው እንጨቱ ጥላ ጫፍ ላይ ችካል ይዘው ይቁሙ። ሦስተኛው «አሁን!» ሲል ሁለቱም ይትከሉ። መለካቱ ከዚያ በኋላ ቢዘገይ ችግር የለውም፤ ችካሉ አይንቀሳቀስም፣ ጥላው ነው የሚንቀሳቀሰው። በመጋቢት ጠዋት 3፡30 ገደማ በ10 ደቂቃ ውስጥ ብቻ የ1 ሜትር እንጨት ጥላ በ8 ሳ.ሜ ያህል ያጥራል። የእንጨቱን ጥላ ለክቶ፣ ደብተር ላይ ጽፎ፣ ተሟግቶ ወደ ዛፉ የሄደ ቡድን በ15 ሜትር ዛፍ ላይ ከ1 ሜትር በላይ ይስታል። አንድ ጊዜ የተለካን የእንጨት ጥላ ለአምስት ዛፍ መጠቀምም ያው ስህተት ነው።

የዛፉ ጥላ ጫፍ እንደ እንጨቱ የጠራ አይደለም። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ሰፊ ክብ ስለሆነች ጥላ ከሚጥለው ነገር በራቀ መጠን ጠርዙ ይደበዝዛል። ለ15 ሜትር ዛፍ የደበዘዘው ክፍል ከ20 እስከ 30 ሳ.ሜ ይሰፋል። ችካሉን የደበዘዘው መሃል ላይ ትከሉ። ነፋስ አናቱን ካወዛወዘው ጥላው ወዲህና ወዲያ የሚሄድበትን አይታችሁ መካከሉን ያዙ።

7. ርዝመቱን በሲባጎ ውሰዱ። ሲባጎውን ከግንዱ እስከ ችካሉ ወጥሩና ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ክፍል ውስጥ ተረጋግታችሁ በሜትር ለኩት። የ3 ሜትር ሜትር አምስት ጊዜ እያነሱ መጣል በየመጋጠሚያው ስህተት ይጨምራል። ሲወጠር ግን በኃይል አይጎተት፤ ሲባጎ ይለጠጣል።

ጥላው የሚጀምረው ከግንዱ ልጥ ሳይሆን ከግንዱ መሃል ነው። አናቱ ያለው ከመሃሉ በላይ ነውና። ሲባጎውን ግንዱ ላይ ጠምጥማችሁ ዙሪያውን ለኩ፤ ለ3.14 ስታካፍሉት ወርዱ ይወጣል፤ የወርዱን ግማሽ በጥላው ርዝመት ላይ ጨምሩ። ዙሪያው 94 ሳ.ሜ ከሆነ ወርዱ 30፣ ግማሹ 15 ሳ.ሜ ነው። የክብ ዙሪያ ትምህርትም እዚሁ ተሠራ ማለት ነው።

8. አስሉ። የእንጨት ቁመት 100 ሳ.ሜ፣ የእንጨት ጥላ 80 ሳ.ሜ፣ የዛፍ ጥላ 12 ሜትር ከ25 ሲደመር 15 ሳ.ሜ፣ ማለትም 12 ሜትር ከ40 ይሁን።

የዛፍ ቁመት = 12.40 × 100 ÷ 80 = 15.5 ሜትር

ቀመሩን በቃል ከማስያዝ በፊት ጥያቄውን በዚህ መልክ አቅርቡላቸው፦ «የእንጨቱ ጥላ በዛፉ ጥላ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል?» 15 ጊዜ ተኩል። እንግዲያው እንጨቱም በዛፉ ውስጥ 15 ጊዜ ተኩል ይገባል። ይህን የተረዳ ልጅ የቱን በየቱ እንደሚያባዛ ግራ አይጋባም።

ሜትር ከሌለ በስንዝር ይሠራል። እንጨቱ 5 ስንዝር፣ ጥላው 4 ስንዝር፣ የዛፉ ጥላ 62 ስንዝር ከሆነ ዛፉ 77 ስንዝር ተኩል ነው። ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፦ የሦስቱም ልኬት ስንዝር የአንድ ልጅ እጅ ይሁን። የዚያ ልጅ ስንዝር 20 ሳ.ሜ ከሆነ ዛፉ 15.5 ሜትር ወጣ።

9. ሦስት ጊዜ ድገሙ። በሩብ ሰዓት ልዩነት፣ በየጊዜው ሁለቱንም ጥላ እንደ አዲስ ለኩ። ጥላዎቹ ይለወጣሉ፤ ቁመቱ ግን ካልተለወጠ ልጆቹ ራሳቸው አዩት ማለት ነው። ሦስቱ ውጤቶች እየጨመሩ ወይም እየቀነሱ በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ወደ ደረጃ 3 ወይም 4 ተመለሱ። አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ካሉ ደግሞ ችግሩ የጥላ ጫፍ አያያዝ ነው፤ አማካዩን ውሰዱ።

የክፍል ጣሪያ መለካት ከፈለጋችሁ ጥላውን ከግድግዳው ሥር አትጀምሩ። ጥላውን የሚጥለው የቆርቆሮው ክፍክፍ ነው። ከክፍክፉ ጫፍ ቱንቢ አውርዳችሁ ከነካበት ነጥብ ለኩ።

ክፍል ሁለት፦ እውነተኛው እኩለ ቀን

ይህኛው ሜዳ መሬት ይፈልጋል። እዚህ የሚነጻጸር ሌላ ጥላ ስለሌለ ተዳፋቱ አይጣፋም። ሲሚንቶ የተለሰነ በረንዳ ወይም በአካፋ ተስተካክሎ በሀይላንድ የተፈተሸ 2 ሜትር በ2 ሜትር ቦታ ይበቃል።

1. የ1 ሜትሩን እንጨት በቱንቢ አቁሙ። ከቀኑ 5፡10 ገደማ የጥላውን ጫፍ በችካል ምልክት አድርጉና ሰዓቱን ጻፉ።
2. ሲባጎ እንጨቱ ሥር በላላ ቋጠሮ አስራችሁ እስከ ምልክቱ ባለው ርዝመት መሬት ላይ ቅስት ጫሩ። ቋጠሮው ከጠበቀ ሲባጎው እንጨቱ ላይ እየተጠመጠመ ያጥርና ቅስቱ ይበላሻል።
3. በየ10 ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ ቆርኪ አስቀምጡ። ጥላው ከቅስቱ ውስጥ ይገባል፣ ያጥራል፣ እንደገና ይረዝማል።
4. ጫፉ ቅስቱን ዳግመኛ የነካበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፣ ሰዓቱንም ጻፉ። የሁለቱ ሰዓቶች መካከል እውነተኛው እኩለ ቀን ነው። 5፡10 እና 7፡30 ከሆኑ እኩለ ቀን 6፡20 ነው፤ ታኅሣሥ 12 አካባቢ የምታገኙትም ይህንኑ ነው።
5. ሁለቱን ምልክቶች በገመድ አገናኙ። ገመዱ ምሥራቅና ምዕራብ ነው፤ የጠዋቱ ምልክት በምዕራብ በኩል ይሆናል። ከገመዱ መሃል እስከ እንጨቱ ሥር ያለው መስመር ደግሞ ሰሜንና ደቡብ ነው። ከስልክ ኮምፓስ ይልቅ ይህንን እመኑ፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት አጥር ኮምፓስን ይስቡታል።

ለምን አጭሩን ጥላ በቀጥታ አንይዝም? እኩለ ቀን አካባቢ ርዝመቱ እምብዛም ስለማይለወጥ ነው። በታኅሣሥ ከእኩለ ቀን 20 ደቂቃ ቀደም ወይም ዘግየት ብትሉ ልዩነቱ 1 ሳ.ሜ አይሞላም፤ የጥላው ድብዝዝ ጠርዝ ብቻውን ከዚያ ይሰፋል።

6 ሰዓት ላይ የማይሆነውስ? የአገሪቱ ሰዓት የተያዘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ይህ መስመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው 39 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። ምድር 1 ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ፀሐይ እኛ ጋ የምትደርሰው በአማካይ 22 ደቂቃ ዘግይታ ነው። በዚህ ላይ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት ፍጥነት ወጥ ስላልሆነና ዛቢያዋም ዘንበል ስላለ እኩለ ቀኑ በዓመቱ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ይላል። ለ1 ሜትር እንጨት የምትጠብቁት ይህንን ነው (ቀኑ አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል)፦

- መስከረም 12፦ 6፡15፣ ጥላው 17 ሳ.ሜ ወደ ሰሜን
- ጥቅምት 24፦ 6፡06፣ 46 ሳ.ሜ ወደ ሰሜን
- ታኅሣሥ 12፦ 6፡20፣ 65 ሳ.ሜ ወደ ሰሜን (የዓመቱ ረጅሙ)
- የካቲት 4፦ 6፡36፣ 44 ሳ.ሜ ወደ ሰሜን
- መጋቢት 12፦ 6፡29፣ 17 ሳ.ሜ ወደ ሰሜን
- ሚያዝያ 7፦ 6፡22፣ ጥላ የለም
- ግንቦት 6፦ 6፡18፣ 16 ሳ.ሜ ወደ ደቡብ
- ሰኔ 14፦ 6፡24፣ 24 ሳ.ሜ ወደ ደቡብ

ከሚያዝያ 7 እስከ ነሐሴ 22 ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን በኩል ናት፤ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። «የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ሰሜንን ያሳያል» የሚለው ሕግ ከእኛ ይልቅ ለሩቅ ሰሜን አገሮች የተጻፈ ነው፤ በግንቦት ያስተማራችሁ እንደሆነ ልጆቹ ያርሟችኋል። በሚያዝያና በነሐሴ መጨረሻ ጥላው እጅግ ስለሚያጥር የቅስቱ ዘዴ አይመችም። የሚያዝያውን ቀን ግን እንጨቱ ጥላ ሲያጣ ለማየት ያዙት። መሀል ሜዳ ላይ ቀኑ በሁለት ቀን ያህል ይዘገያል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- *መልሱ ከሚጠበቀው በጣም አነሰ፣ ለምሳሌ 15.5 መሆን ሲገባው 9.9 ወጣ።* ልጆቹ በ100 አባዝተው ለ80 በማካፈል ፈንታ በ80 አባዝተው ለ100 አካፍለዋል። ጥላው ከእንጨቱ ካጠረ ዛፉም ከጥላው መርዘም እንዳለበት መጀመሪያ ይገምቱ።
- *መልሱ 1550 ሜትር ሆነ።* የዛፉ ጥላ በሳንቲ ሜትር ገብቶ መልሱ በሜትር ተጽፏል።
- *የእንጨቱ ጥላ በስንዝር፣ የዛፉ በእርምጃ ተለካ።* ሁለቱ ጥላዎች በአንድ መለኪያ ካልተለኩ ንጽጽር የለም።
- *ችካሉ የተተከለው የሌላ ዛፍ ጥላ ጫፍ ላይ ነው።* ባሕር ዛፍ በመደዳ በተተከለበት ግቢ ይህ የተለመደ ነው። ከመደዳው ዳር ያለውን ዛፍ ምረጡና አንድ ልጅ ከግንዱ ጀምሮ ጥላውን እየተከተለ እስከ ጫፉ ይሂድ።
- *ከሰዓት ሲመለሱ እንጨቱ ዘሟል።* ልጅ ተደግፎበት ወይም በግ ታክኮት ይሆናል። ክፍል ሁለትን ስትሠሩ በየግማሽ ሰዓቱ ቱንቢውን አስጠጉ። ዘሞ ካገኛችሁት አቃንታችሁ አትቀጥሉ፤ የጠዋቱ ምልክት ከየትኛው አቋም እንደተወሰደ ስለማይታወቅ በማግስቱ እንደ አዲስ ጀምሩ።